በሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ከመከራየት ወይም ከመግዛት በፊት፦ የሰፈርን ደኅንነት በቁጥርም በዓይንም የመመርመሪያ ዝርዝር መመሪያ

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር በድንበር የምትዋሰንና ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ኑሯቸውን የመሠረቱባት ስፍራ ናት። ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ፣ ወይም አንድ ቤተሰብ ከአፓርታማ ወጥቶ ወደ ራሱ ቤት ለመግባት ሲያስብ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቡና ላይ ከተሰማ ወሬ፣ በስልክ ከሚዘዋወር አስፈሪ ቪዲዮ ወይም ድረ ገጾች ለከተማው ከሰጡት የፊደል ማዕረግ ነው። ከእነዚህ አንዱም ሊኖሩበት ስላሰቡት ቤት ብዙ አይነግርዎትም። «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለው ስም አንድ የወንጀል መጠን የለውም፤ መመርመር ያለበት አድራሻው፣ ሰዓቱና የወንጀሉ ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አካሄድ ይህንን ምርመራ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በራሱ እንዲያካሂድ፣ ከገባ በኋላም ቤቱን እንዲያጠናክር ለመርዳት የተጻፈ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ አድራሻው በየትኛው ፖሊስ ሥር እንደሚወድቅ ይለዩ

ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤትም ሆነ የራሷ ፖሊስ የላትም። በሕግ ራሷን የቻለች ከተማ ሳትሆን፣ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ለቆጠራው ሲል ድንበር ያበጀላት አካባቢ ናት፤ በ2020 ቆጠራ በዚያ ድንበር ውስጥ 81,015 ሰዎች ተመዝግበዋል። ፖስታ ቤት ግን ይህንኑ ስም ከዚያ እጅግ ለሰፋ ቦታ ይጠቀምበታል። ዚፕ ኮድ 20910 መሀል ከተማውንና የሜትሮ ጣቢያውን ሲይዝ፣ 20904 ወደ ኋይት ኦክና ኮልስቪል፣ 20906 ደግሞ እስከ አስፐን ሂልና ሌዠር ወርልድ ድረስ ይዘልቃል። በፖስታ ላይ ሁሉም አንድ ከተማ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ረጃጅም አፓርታማዎችና እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠሩ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሲሆን፣ ሌላው አዛውንቶች የሚኖሩበት በአጥር የተከለለ መንደር ነው።

ይህ ለወንጀል ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በየዓመቱ የሚያወጣው መረጃ የሚሰበሰበው ከፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ፖሊስ ስለሌላት በዚያ ሠንጠረዥ ላይ በስሟ የቀረበ ቁጥር አይገኝም። ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ ለሲልቨር ስፕሪንግ «ሲ» ወይም «ቢ ማይነስ» ሰጥቶ ቢያገኙ፣ ያ ማዕረግ ከሌላ ቁጥር ተነሥቶ በግምት የተሰላ እንጂ ፖሊስ በከተማዋ ስም ያቀረበው አኃዝ አለመሆኑን ይወቁ።

አካባቢውን የሚጠብቀው በአብዛኛው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ ሲሆን፣ ካውንቲው በስድስት የፖሊስ ዲስትሪክቶች ተከፋፍሏል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሦስተኛው ዲስትሪክት ናት፤ በአድራሻቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚባሉት ቤቶች ብዙዎቹ ግን ዊተን በሚባለው በአራተኛው ዲስትሪክት ሥር ናቸው። አጠገቧ ያለችው ታኮማ ፓርክ ራሷን የቻለች ከተማ በመሆኗ የራሷ ፖሊስ አላት። የዚፕ ኮድ 20903 ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ ድንበሩን አልፎ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ስለሚገባ፣ እዚያ ፖሊሱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የንብረት ግብሩም የተለየ ነው። በዚህ ላይ የሜትሮ ጣቢያው የሜትሮ ትራንዚት ፖሊስ፣ ስላይጎ ክሪክን የመሰሉ መናፈሻዎች ደግሞ የፓርክ ፖሊስ አላቸው። ባቡር ጣቢያው ላይ የተፈጸመ ቅሚያ እና ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የተፈጸመ ቅሚያ በሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ላይ ሊገኙ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ሥራዎ እንግዲህ ሙሉ አድራሻውን ይዞ ካውንቲውንና የፖሊስ ዲስትሪክቱን ማረጋገጥ ነው። ቤቱ የየትኛው ካውንቲ እንደሆነ በሜሪላንድ የንብረት ምዘናና ግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ዲስትሪክቱን በካውንቲው ፖሊስ ድረ ገጽ ማየት፣ ወይም የካውንቲው የመረጃና የአገልግሎት ስልክ ወደሆነው 311 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከካውንቲው ውጭ ለሚደውል ሰው ቁጥሩ 240-777-0311 ነው። አማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ከተናገሩ ያቀርቡልዎታል።

ሁለተኛ፦ መረጃውን ከምንጩ ይውሰዱ

ሞንትጎመሪ ካውንቲ «ዳታ ሞንትጎመሪ» በሚባለው ክፍት የመረጃ ገጹ ላይ ለፖሊስ የተመዘገቡ ወንጀሎችን ዝርዝር በየቀኑ እያደሰ ለሕዝብ ያወጣል። እያንዳንዱ መስመር የአንድን ክስተት ዓይነት፣ ቀንና ሰዓት፣ ዚፕ ኮድ፣ የተፈጸመበትን ብሎክ (በሁለት መስቀለኛ መንገዶች መካከል ያለውን የመንገድ ክፍል)፣ እንዲሁም ቦታው መኖሪያ ቤት፣ መንገድ፣ የመኪና ማቆሚያ ወይም ሱቅ መሆኑን ይገልጻል። የቤት ቁጥሩ ግን የተጎጂውን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል በብሎክ ደረጃ ብቻ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማስረዳት ይገባል። ዝርዝሩን ከፍቶ ዚፕ ኮዱን መርጦ የመስመሮቹን ብዛት ብቻ ያየ ሰው በቁጥሩ መደንገጡ አይቀርም። በዝርዝሩ ውስጥ ግን ወንጀል ያልሆኑ ነገሮችም አሉ፤ የጠፋ ዕቃ፣ ለፖሊስ መረጃ ያህል የተመዘገበ ጉዳይ፣ የአእምሮ ሕመም ያጋጠመውን ሰው ወደ ሐኪም ቤት የማድረስ ጥሪ ጭምር በዚያው ይመዘገባሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ «ክራይም ኔም 1» በሚለው ዓምድ በሰው ላይ የተፈጸሙትንና በንብረት ላይ የተፈጸሙትን ብቻ ለይተው ያስቀሩ። ቀጥሎ «ክራይም ኔም 2» የሚለውን ዓምድ ተጠቅመው ለመኖሪያ ቤት ደኅንነት የሚጠቅሙትን አራት ዓይነቶች አንድ በአንድ ይቁጠሩ፦ ሰብሮ መግባት፣ ዘረፋ ማለትም በኃይል ወይም በማስፈራራት መቀማት፣ ከባድ ድብደባ፣ እና የመኪና ስርቆት። ከሱቅ የሚሰረቅ ዕቃ ትላልቅ መደብሮች ባሉበት ብሎክ ላይ በብዛት ስለሚመዘገብ ለብቻው ይያዝ፤ ሰፈሩን ሁሉ አደገኛ አስመስሎ የሚያሳየው በአብዛኛው እሱ ነው።

ከዚያም የቦታውን ዓምድ ከሰዓቱ ጋር አያይዘው ያንብቡት። በአንድ አፓርታማ አካባቢ ባለፈው ዓመት የተመዘገቡት ስርቆቶች በአብዛኛው ሌሊት ከመኪና ማቆሚያው ላይ ከሆኑ፣ ችግሩ ስለ መብራትና ስለ መኪና አቀማመጥ ነው፤ ሕንፃው ውስጥ ካሉ ቤቶች በጠራራ ፀሐይ ከሆኑ ደግሞ ስለ መግቢያ በሩና ስለ ቁልፉ ነው። ብዙ ስርቆቶች ላይ መነሻ ሰዓትና መድረሻ ሰዓት ተራርቀው ይታያሉ፤ ይህም ባለንብረቱ ወጥቶ እስኪመለስ ባለው ጊዜ ውስጥ የተፈጸመ መሆኑን ያመለክታል።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን ወደ ምጣኔ ይለውጡ

ብዛት ብቻውን አያወዳድርም። በአሜሪካ የተለመደው አሠራር የወንጀሉን ብዛት ለነዋሪው ቁጥር አካፍሎ በ100,000 ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል 30,000 ነዋሪ ባለበት ዚፕ ኮድ በዓመት 45 ጊዜ ቤት ተሰብሮ ቢገባ፣ ምጣኔው በ100,000 ነዋሪ 150 ይሆናል። ለቤት ሰበራ ግን በነዋሪ ሳይሆን በቤት ብዛት ማካፈል የተሻለ ስሜት ይሰጣል፤ በዚያው ምሳሌ 12,000 ቤቶች ቢኖሩ፣ በዓመቱ የተሰበረው ከ267 ቤት አንዱ ገደማ ነው ማለት ነው። የነዋሪና የቤት ብዛት በዚፕ ኮድ በሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ መሀል ከተማ ሁልጊዜ የሚጋነን መሆኑ ነው፤ በጆርጂያ አቬኑ፣ በፌንተንና በኤልስዎርዝ አካባቢ በየቀኑ ለሥራ፣ ለመብልና ለመዝናናት የሚመጣው ሕዝብ በነዋሪነት ስለማይቆጠር፣ በእሱ ላይ ወይም በእሱ የተፈጸመው ወንጀል ሁሉ ለጥቂቶቹ ነዋሪዎች ይከፋፈላል። ሁለተኛው፣ ትንሽ ቁጥር የሚያስደነግጥ መቶኛ መፍጠሩ ነው፤ ከአንድ ወደ ሦስት የደረሰ ግድያ በዜና ላይ «200 በመቶ ጨመረ» ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ዓመት ቁጥር ይዘው አማካዩን ይመልከቱ። ሦስተኛው፣ ኤፍቢአይ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አሮጌውን የአቆጣጠር ዘዴ ትቶ ወደ አዲሱ መዞሩ ነው። በአሮጌው ዘዴ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ቢደበደብም ቢዘረፍም የሚቆጠረው ከሁሉ የከፋው ወንጀል ብቻ ነበር፤ አዲሱ ሁሉንም ይመዘግባል። በዚያ ዓመት ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ገና ስላልተዘጋጁ የአገር አቀፉ መረጃ ጎደሎ ነበር፤ ስለዚህ ከ2021 በፊትና በኋላ ያለውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ማለት ያሳስታል።

ከዚህ ሁሉ ጋር፣ መዝገቡ የሚያሳየው ለፖሊስ የተነገረውን ብቻ መሆኑ መረሳት የለበትም። የፍትሕ ሚኒስቴር በየዓመቱ ቤት ለቤት በሚያካሂደው የተጎጂዎች ጥናት መሠረት፣ ለፖሊስ የሚነገረው የኃይል ጥቃት ከግማሽ ያነሰ ነው፤ የንብረት ስርቆት ደግሞ ሲሦ ያህሉ ብቻ ነው። የመኪና ስርቆት ግን ኢንሹራንስ ሪፖርት ስለሚጠይቅ በአብዛኛው ይነገራል። የእኛ ማኅበረሰብ በቋንቋም፣ በመኖሪያ ፈቃድ ሥጋትም ምክንያት ከመደወል ይቆጠባል፤ በዚህ የተነሣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ሕንፃ የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለት ላይሆን ይችላል።

አራተኛ፦ በእግርዎ ይሂዱ፣ ይጠይቁ

የቤት ኤጀንትዎን «ሰፈሩ ሰላም ነው?» ብለው ቢጠይቁት ቀጥተኛ መልስ አይሰጥዎትም፤ ይህን እንደ ክፋት አይቁጠሩበት። የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ገዢዎችን በዘር፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው ወደ አንዱ ሰፈር መምራትን ወይም ከሌላው ማራቅን ስለሚከለክል፣ ኤጀንቶች ወደ ፖሊስ መረጃ ይመሩዎታል እንጂ አስተያየት አይሰጡም። በ2021 መጨረሻ የቤት ሽያጭ ድረ ገጹ ሪልተር ዶት ኮም የወንጀል ካርታውን ከገጹ ያነሣው፣ ሌላው የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ሬድፊንም እንዲህ ያለ መረጃ እንደማይጨምር ያስታወቀው በተመሳሳይ ሥጋት ነው።

ስለዚህ ቦታውን በሥራ ቀን ማለዳ፣ ከሥራ መውጫ በኋላ፣ እና ዓርብ ወይም ቅዳሜ ምሽት ከአራት ሰዓት በኋላ ይመልከቱት። በተለይ ከሌሊት ፈረቃ የሚመለስ ወይም በአውቶቡስ የሚሄድ የቤተሰብ አባል ካለ፣ ከማቆሚያው እስከ በሩ ያለውን መንገድ በዚያው ሰዓት አብራችሁ ሂዱበት፤ መብራት የጠፋባቸውን ቦታዎች ይቁጠሩ። የሕንፃው የፊት በር ሳይቆለፍ ክፍት እንዲቆይ ድንጋይ ወይም ካርቶን ተወትፎበት ካዩ፣ ይህ ከማንኛውም የድረ ገጽ ማዕረግ የበለጠ ይነግርዎታል፤ ቁልፉ የተሰበረ ነው፣ አስተዳደሩም አልጠገነውም ማለት ነው። ከነዋሪዎች ጋር ሲነጋገሩ «ጥሩ ሰፈር ነው?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ዓመት ከእናንተ ሕንፃ መኪና ተሰብሮ ያውቃል? ዕቃ ከበር ላይ ይጠፋል? አስተዳደሩ ሲነገረው በስንት ቀን ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። የዲስትሪክቱን የማኅበረሰብ ፖሊስ መኮንንም በስልክ ማነጋገር ይቻላል፤ የሚፈልገውን ብሎክ ጠቅሶ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጡት መልስ ጠቃሚ ነው።

ቤዝመንት ማለትም የቤት ምድር ቤት የሚከራዩ ሰዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በካውንቲው ቤት የሚያከራይ ሰው የኪራይ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱ መኖሩን በካውንቲው የቤቶች መምሪያ በኩል ማጣራት ይቻላል። የሚተኙበት ክፍል ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ያለው መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ለሌባ ተብሎ የብረት ፍርግርግ የተገጠመበት ከሆነ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት፤ ሌባን ያስቀረ ብረት በእሳት ጊዜ ሰው እንዳያስቀር እንቅልፍ ከመተኛትዎ በፊት ራስዎ ከፍተው ይሞክሩት።

አምስተኛ፦ በሩን ያጠናክሩ

ቤት ሰባሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ባዶ ቤትና ፈጥኖ የሚከፈት በር ነው። ቁልፉን በጥበብ የሚከፍት ሌባ ጥቂት ነው፤ በሩን በእግሩ የሚመታ ግን ብዙ ነው። በሩ ሲመታ የሚሰነጠቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ሳይሆን የቁልፉ ምላስ የሚገባበት የመቃኑ እንጨት ነው። መቃኑ ላይ የተገጠመችውን ትንሽ ብረት ፈትተው ቢያዩ፣ የያዟት ብሎኖች የጣት አንጓ የማያህሉ አጫጭር ሆነው ከጌጥ እንጨቱ አልፈው ግድግዳውን እንዳልነኩ ያገኛሉ። ብረቷን ወፈር ባለው ለውጠው፣ ብሎኖቹን ሦስት ኢንች ርዝመት ባላቸው ይተኩ፤ እነዚህ መቃኑን አልፈው ከግድግዳው ዋና ቋሚ እንጨት ጋር ያያይዙታል። በማጠፊያዎቹ በኩልም ቢያንስ አንድ አንድ ብሎን እንዲሁ ይለውጡ። ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ሥራውም አንድ ከሰዓት አይፈጅም፤ ከብዙ ካሜራዎች የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጠውም ይህ ይመስለኛል። ዴድቦልቱ፣ ማለትም ከበሩ እጀታ ተለይቶ የሚቆለፈው ቁልፍ፣ አንድ ኢንች ያህል የሚወጣ ምላስ ያለው ይሁን። ተከራይ ከሆኑ ይህን ከማድረግዎ በፊት አከራዩን ያስፈቅዱ፤ ከመግባትዎ በፊት ቁልፉ እንዲለወጥም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ተከራይ ስንት ኮፒ እንዳስቀረጸ የሚያውቅ የለም።

ተንሸራታች የመስታወት በር ካለ፣ በሐዲዱ ላይ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ዘንግ ያጋድሙበት። የጋራዥ መክፈቻውን ውጭ በሚያድር መኪና ውስጥ አይተዉ።

ካሜራ የሚገጥሙ ከሆነ ሁለት ነገር ይወቁ። ካውንቲው በተመረጡ አካባቢዎች ለካሜራ ከወጣው ወጪ ከፊሉን የሚመልስበት ፕሮግራም ስለጀመረ፣ አድራሻዎ ይካተት እንደሆነ 311 ይጠይቁ። ሌላው፣ በሜሪላንድ ሕግ የሰዎችን የግል ንግግር ሁሉም ተነጋጋሪዎች ሳይፈቅዱ መቅዳት ወንጀል ነው። ስለዚህ የበር ካሜራዎ የጎረቤትን በረንዳ የሚሰማ ከሆነ የድምፅ ቀረጻውን ያጥፉት።

ስድስተኛ፦ መኪና፣ የእቁብ ገንዘብና ወርቅ

ከ2021 ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የመኪና ስርቆት እንዲያሻቅብ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ በቁልፍ ተጠምዝዘው የሚነሡ ብዙ የኪያና የህዩንዳይ ሞዴሎች ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርገው ኢሞቢላይዘር የሚባል መከላከያ ያልተገጠመላቸው መሆኑ በማኅበራዊ ሚዲያ መሰራጨቱ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ካለዎት፣ ኩባንያዎቹ በ2023 የጀመሩትን ነፃ የሶፍትዌር ማስተካከያ አከፋፋዩ ጋ ሄደው ያስደርጉ፤ የመሪ መቆለፊያ ብረትም ይጨምሩ። በመኪናው ለሚሠሩ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ላያቢሊቲ ብቻ፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ብቻ የተገባ ኢንሹራንስ፣ ለተሰረቀ መኪና አይከፍልም፤ ስርቆትን የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው።

የእቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን በዚያው ወይም በማግሥቱ ባንክ ያስገባ፤ የሚወጣበትም ቀንና ቦታ በግሩፕ መልእክት ላይ በግልጽ አይጻፍ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ውል ለተሰረቀ ጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 200 ዶላር ገደማ፣ ለተሰረቀ ጌጣጌጥ ደግሞ 1,500 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። የእናትዎ የጥሎሽ ወርቅ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ አስገምተው በውሉ ላይ ለብቻው እንዲመዘገብ ያድርጉ፤ የእያንዳንዱንም ፎቶግራፍ ከቤት ውጭ ያስቀምጡ።

ሰባተኛ፦ አንድ ነገር ቢደርስ

አደጋው እየተፈጸመ ከሆነ ወይም የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 911 ይደውሉ፤ መናገር የማይቻል ከሆነ በካውንቲው ለ911 የጽሑፍ መልእክት መላክም ይቻላል። ከሁሉ አስቀድመው አድራሻውን ከነአፓርታማ ቁጥሩ ይናገሩ፤ ቀጥሎ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ መስመሩንም አይዝጉ። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች አድራሻውን በምልክት ብቻ ስለሚያውቁት፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም በአማርኛም በትልቁ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉላቸው፤ ጮክ ብለው እንዲያነቡትም ያለማምዷቸው። አደጋው ካለፈ በኋላ ለሚደረግ ሪፖርት የካውንቲው ፖሊስ ቁጥር 301-279-8000 ነው። የሪፖርቱን ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ፤ ኢንሹራንስ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ሥጋት ስላለባቸው የማይደውሉ ብዙ ናቸው። የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ማርክ ኤልሪች በጁላይ 2019 ያወጡት ትዕዛዝ የካውንቲው መሥሪያ ቤቶች፣ ፖሊስንም ጨምሮ፣ ስለ ሰው የመኖሪያ ሁኔታ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። በተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች ተጎድቶ ከምርመራው ጋር የሚተባበር ሰው ዩ ቪዛ ለሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ በዓመት ለዋና አመልካቾች የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ጠበቃ ያማክሩ። በወንጀል አካሉ ለተጎዳ ሰው ደግሞ የሜሪላንድ የወንጀል ተጎጂዎች ካሣ ቦርድ ሌላ ከፋይ የሌለውን የሕክምና ወጪና ከሥራ በመቅረት የታጣውን ደመወዝ በተወሰነ መጠን ሊተካ ይችላል፤ የተሰረቀ ንብረት ግን አይሸፍንም። ማመልከቻው ማስረጃ ስለሚፈልግ፣ የሪፖርቱን ቅጂ፣ የሐኪም ቤት ደረሰኞችንና ከአሠሪዎ የሚሰጥዎትን የቀሩባቸውን ቀናት የሚገልጽ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው በአንድ ፋይል ያኑሩ።